ስለ ሆኪው ልጅና ስለ እኛው ልጅ፦ በሰፊው ለተጋራ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከገና በዓል ወዲህ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ከደብረ ማርቆስ ጓደኛዬ ላከልኝ፣ ከባሕር ዳር የእህቴ ልጅ ላከችልኝ። የመምህራን ግሩፓችን ውስጥም ተለጥፎ አገኘሁት። እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ታዳጊዎችን ኳስ አሠለጥናለሁ። ስለዚህ ጽሑፉ ስለ እኔም ሥራ ነው።

በደንብ ተጽፏል። ጸሐፊው የሚሉትን አምነውበት እንደጻፉት ከአረፍተ ነገሮቻቸው ይታወቃል። ለወጣቶች እንደሚቆረቆሩም አልጠራጠርም። ግን መደምደሚያቸው የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ስህተቱ ደግሞ በሐሳብ ደረጃ ብቻ አይቀርም፤ ዕዳው አንድ የ19 ዓመት የጎጃም ልጅ ትከሻ ላይ አርፏል።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ይህን ይላል። ጸሐፊው ከገና ጨዋታ ይነሳሉ። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የመንደሩ ጎረምሳ ጠማማ ዱላውን ይዞ ሩር ሲያሳድድ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ከዚያ ፈረንጆች በበረዶ ላይ ወደሚጫወቱት ሆኪ ይሻገራሉ፤ የካናዳውን ልጅ አሌክሲስ ላፍሬኒየርን ያነሳሉ። ከወጣቶች ሁሉ አንደኛ ተብሎ ተመርጦ፣ ትልቁ ሊግ ሲገባ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም ይላሉ። ከእሱ ታሪክ አምስት ነገር ያወጣሉ። እውነተኛ ተሰጥኦ ወዲያው ይታያል። ሰውን የሚሠራው ጫና ነው፤ የዛሬ ልጅ ግን ጫና አይችልም። ቀድሞ የመጣ ገንዘብ ያበላሻል። የሕዝብ ተስፋ ዕዳ ነው፤ እንደ ወንፈል መመለስ አለበት። በመጨረሻም ለወላጆች ምክር ይሰጣሉ፦ ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልታየ ወደ ቤቱ ይመለስ። የዚህ ሁሉ ማሳያ አድርገው ያቀረቡት ከእኛው አካባቢ ወጥቶ ክለብ የገባ፣ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያሳለፈ አጥቂን ነው። ስሙን አልጻፉም፣ ፎቶውን ግን ለጥፈዋል።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር፤ ብዙ የሚባልበትም እሱ ነው።

ጸሐፊው የጠቀሷቸው ቁጥሮች ትክክል ናቸው። (የሆኪውንም የእኛንም ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ እሳቸው በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በዚያ ሊግ ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ላፍሬኒየር በ2020 በኒው ዮርክ ሬንጀርስ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን በ56 ጨዋታ 12 ጎል አገባ፣ 9 አቀበለ። ድምሩ 21 ነጥብ ነው፤ በሆኪ የተጫዋች ነጥብ የሚባለው ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ ነው። ሲድኒ ክሮዝቢ ደግሞ በ2005 አንደኛ ተመርጦ በመጀመሪያው ዘመኑ 102 ነጥብ አስመዘገበ። ጸሐፊው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው «ልዩነቱ ተሰጥኦ ነው» ብለው ዘጉት።

ክሮዝቢ በዘመኑ ካሉት ሁሉ የላቀ ተጫዋች ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ሁለቱ ልጆች የገቡበት ቤት የተለያየ ነበር። በዚያ ሊግ አንደኛውን ምርጫ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ደካማ ቡድን ነው። ደካማ ቡድን ደግሞ ክፍት ቦታ አለው። ክሮዝቢ የገባበት ፒትስበርግ በዚያ ዓመት ከምሥራቁ ምድብ መጨረሻ የወጣ ቡድን ነበር። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዋና ተጫዋች ሆነ፤ በየጨዋታው ወደ 20 ደቂቃ ያህል ይሰለፍ ነበር። ሬንጀርስ ግን በ2020 ደካማ አልነበሩም። አንደኛውን ምርጫ ያገኙት በዕጣ ነው፤ ዕጣው የመውጣት ዕድሉም 12.5 በመቶ ብቻ ነበር። በግራ ክንፍ አርቴሚ ፓናሪንና ክሪስ ክራይደር የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ተጫዋቾች ነበሯቸው። ላፍሬኒየርም ያኔ የግራ ክንፍ ነበር።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ሆኪን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። ከግብ ጠባቂው ሌላ በአንድ ጊዜ የሚገቡት አምስት ናቸው። አጥቂዎች ሦስት ሦስት ሆነው በአራት መስመር ይደራጃሉ፤ አንዱ መስመር አንድ ደቂቃ ያህል እንኳ ሳይቆይ ይወጣና ሌላው ይገባል። ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ፣ ስንት ጊዜ እንደሚገባ የሚወስነው አሠልጣኙ ነው። ተጋጣሚ ተጫዋች ተቀጥቶ ሲወጣና ቡድኑ በሰው ብልጫ ሲጫወት ጎል በቀላሉ ይገኛል፤ ያንን ጊዜ የሚይዙት ደግሞ ነባሮቹ ናቸው። ላፍሬኒየር በመጀመሪያው ዓመት በየጨዋታው የሚሰለፈው 14 ደቂቃ ያህል ነበር። በዚያ ላይ ወረርሽኝ ነበር። ሊጉ የጀመረው በጥር 2021 ነው፤ የጨዋታውም ቁጥር ተቀንሷል። በአራት ዓመት ውስጥ በሦስት አሠልጣኝ ሥር ተጫወተ።

ቀጥሎ የሆነውን ጸሐፊው አልነገሩንም። ነጥቡ በየዓመቱ ጨመረ፦ 31፣ ከዚያ 39። በ2023 አዲሱ አሠልጣኝ ፒተር ላቪዮሌት ወደ ቀኝ ክንፍ አዛወሩት፤ ከዚያው ከፓናሪን ጋር፣ ቪንሰንት ትሮቼክን ጨምረው በአንድ መስመር አሰለፉት። በዚያ የውድድር ዘመን 28 ጎል አገባ፣ 57 ነጥብ አስመዘገበ። እግሩ ያው እግር ነው፣ ዱላውም ያው ዱላ ነው። የተለወጠው ቦታው፣ አጠገቡ ያለው ሰውና የሚያገኘው ደቂቃ ነው። በርግጥ ልጁም አድጎ ነበር። በ2024 ቡድኑ የሰባት ዓመት ውል አስፈረመው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልናገር። ላፍሬኒየር ክሮዝቢን አልሆነም። በቀጣዩ ዓመት ነጥቡ ወደ 45 ወርዷል። ከወጣቶች ሊግ ይዞት የመጣው ስምም ትንሽ የተጋነነ ሳይሆን አይቀርም። የተወለደው በጥቅምት ነው፤ ለምርጫ የሚያበቃው የዕድሜ ገደብ በመስከረም አጋማሽ ስለሆነ ለጥቂት ሳምንታት አመለጠውና አንድ ዓመት ሙሉ በወጣቶች ሊግ ቆየ። በመጨረሻው ዓመት በ52 ጨዋታ 112 ነጥብ ሲያስመዘግብ ከብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጥ ነበር። ታዲያ ያንን ቁጥር አይቶ «ቀጣዩ ክሮዝቢ» ያለው ማን ነው? ጋዜጠኛው፣ ደጋፊው፣ የክለቡ ሰው ነው። ተስፋውን የጻፉት አዋቂዎች ናቸው፤ ሳይሞላ ሲቀር ግን የሚጠየቀው ልጁ ብቻ ሆነ።

«ተሰጥኦ ወዲያው ይታያል» ለሚለው ሌሎች ምስክሮችም አሉ። ጆ ቶርንተን በ1997 አንደኛ ተመረጠ። በመጀመሪያው ዘመን ለቦስተን በ55 ጨዋታ 3 ጎል፣ በድምሩ 7 ነጥብ ብቻ ነበረው። ሰባት! በ2006 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ከ1,700 በላይ ጨዋታ ተጫውቶ ከ1,500 በላይ ነጥብ አስመዘገበ። ቪንሰንት ሌካቫሊዬ በ1998 ሲመረጥ የቡድኑ ባለቤት «የሆኪ ማይክል ጆርዳን» አሉት፤ ልጁ ያኔ 18 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው ዘመን ውጤቱ 28 ነጥብ ነው። ከዓመታት በኋላ በአንድ ዘመን 52 ጎል አገባ። ጃክ ሂዩዝ በ2019 አንደኛ ተመርጦ በመጀመሪያው ዘመኑ 21 ነጥብ ነበረው፤ ልክ እንደ ላፍሬኒየር። በአራተኛው ዘመን 99 ደረሰ። በጸሐፊው መለኪያ ሦስቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ተጠራርገው ወደ ቤታቸው ተልከው ነበር።

ወደ ጫናው ልሂድ። ጸሐፊው አባቶቻችን ገና ሲጫወቱ ቅልጥማቸው እየተሰበረ አያማርሩም ነበር ይላሉ። ጨዋታው ከባድ እንደነበር እውነት ነው። ዱላው ቅልጥም ያገኛል፣ ሩሩም ፊት ይመታል። ይህን አይተናል፣ ሽማግሌዎችም ነግረውናል። ነገር ግን እኛ ጎጃሜዎች ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነውን አባባል ጸሐፊው አላነሱትም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን። የጨዋታው ሕግ ይህ ነው። በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን ቢመታው፣ ቢቀድመው፣ ቢያሸንፈው ቂም የለም። ሜዳ ላይ የሆነ ነገር ሜዳ ላይ ይቀራል። የተሸነፈው ወገን ሲሰደብና ሲዘፈንበት ያመሻል፤ ግን በማግስቱ አውድማ ላይ አብሮ ይወቃል እንጂ ዓመቱን ሙሉ «አንተ ያን ቀን ሩሩን የሳትክ» እየተባለ አይኖርም። አባቶቻችን ጠንካራ ሆነው የተጫወቱት መሳት የማያዋርድበት ሜዳ ስለነበራቸው ነው። የዛሬው ልጅ ኳስ ሲስት ግን ቪዲዮው ይቆረጣል፣ ሙዚቃ ይገባበታል፣ ለሳምንት ይዞራል። የጫናው ዓይነት ተለውጧል። ልጁን ከአባቱ ጋር ከማወዳደራችን በፊት ይህንን ማየት አለብን።

ቀጥለው ሯጮቻችንን ያነሳሉ። «አትሌቶቻችን በ18 ዓመታቸው ዓለምን ያሸንፋሉ፤ ታዲያ ኳስ ተጫዋቹ ምን ሆነ?» ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልስም አለው። ሯጭ የራሱ ሰዓት አለው። አሠልጣኙ ቢወደውም ቢጠላውም 10,000 ሜትር 25 ዙር ነው፤ ማንም 14 ደቂቃ ሮጠህ ውጣ አይለውም። ኳስ ተጫዋችና ሆኪ ተጫዋች ግን ሌላ ሰው ካላቀበለው፣ አሠልጣኝ ካላስገባው ሥራው አይታይም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም።

ሯጮቹም ቢሆኑ ጸሐፊው እንደሚሉት ወዲያው አልደረሱም። ሰለሞን ባረጋ በ2016 በ16 ዓመቱ የዓለም ከ20 ዓመት በታች የ5,000 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ። በማግስቱ ዓመት ለንደን ላይ ከአዋቂዎች ጋር ሮጦ አምስተኛ ወጣ። በ2019 ዶሃ ላይ ብር አገኘ። የኦሊምፒክ ወርቁ የመጣው በ2021 በቶኪዮ ነው። አምስት ዓመት! ለንደን ላይ አምስተኛ ሲወጣ «አለቀለት» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ያ ወርቅ ዛሬ በእጃችን ባልኖረ ነበር።

ታዲያ ጫና ከነአካቴው ይቅር አልልም። እኔ ራሴ ልምምድ ለቀረ ልጅ ሳቅ አላሳይም። ሰዓት የማያከብር፣ አመሻሹን ጫት ቤት የሚያሳልፍ፣ አሠልጣኝ ሲናገር ስልኩን የሚነካካ ልጅ አለ፤ ጸሐፊው ስለ እሱ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው። ግን ከባድ ልምምድ አንድ ነገር ነው፣ በአደባባይ ማዋረድ ሌላ ነገር። በከባድ ልምምድ ልጁ ምን ማሻሻል እንዳለበት ያውቃል። ሲዋረድ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኳሱን አለመፈለግ። ይህንን ሜዳ ላይ አያለሁ። የተሳቀበት አጥቂ ኳስ ስትመጣ ከተከላካዩ ጀርባ ይደበቃል። ለምን ቢሉት «አልታየኝም» ይላል። ታይቶታል፤ ፈርቶ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በግማሽ እስማማለሁ። የጠቀሱት አሌክሳንድር ዴይግ በ1993 አንደኛ ተመርጦ ከኦታዋ ጋር ለአምስት ዓመት 12.25 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ሊጉም ከዚያ በኋላ ለጀማሪ ተጫዋች የሚከፈለው ደመወዝ ላይ ገደብ አበጀ። ግን ይህንን ልብ በሉ፤ ሊጉ ጥፋቱን ያየው በአሠራሩ ውስጥ ነው፣ ያስተካከለውም አሠራሩን ነው። ዴይግም ሁለት ዓመት ከሊጉ ርቆ ከተመለሰ በኋላ በ2003–04 በሚኒሶታ የቡድኑ ቀዳሚ ነጥብ አስቆጣሪ ሆኗል። ከሁሉም በላይ ግን ይህ ምሳሌ ለእኛው ልጅ አይሠራም። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኖ የቤት ኪራይ የሚያሰላን ልጅ «ገንዘብ አበላሸው» ማለት አይቻልም።

ከልቤ ያዘንኩት አራተኛው ነጥብ ላይ ነው። የሕዝብ ተስፋ ዕዳ ነው፣ እንደ ወንፈል ይመለሳል ይላሉ። ልጁ ሲሄድ ሰፈሩ ለጫማና ለትራንስፖርት አዋጥቶለት ነበር፤ እውነት ነው፣ የሚያኮራም ነው። እንዲህ ዓይነት ሰፈር ስላለን ደስ ይለኛል። ነገር ግን ወንፈልን እናውቀዋለን። ወንፈል የሚገባው በሬና ጉልበት ያለው አባወራ ነው። ዛሬ የአንተን ያርሳል፣ ነገ የእሱን ታርሳለህ። ሁለቱም እኩል ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ተስማምተው ይገቡበታል። የ17 ዓመት ልጅ ወንፈል አልገባም። የተሰጠው ስጦታ ነው። ስጦታ ከተሰጠ በኋላ «መልስ» ማለት ደግሞ በአገራችን ነውር ነው።

ልጁ ላይ የደረሰውንም በደንብ እንየው። ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ከሰው ከተማ ገባ። በቡድኑ ውስጥ በእሱ ቦታ ልምድ ያላቸው ሁለት አጥቂዎች አሉ። አሠልጣኙ ነጥብ ካላመጣ ሥራውን ያጣል፤ ስለዚህ የሚያሰልፈው የሚያውቀውን ነው። ልጁ ተቀይሮ የሚገባው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ቡድኑ እየተመራ ሳለ ነው። ከጨዋታው በኋላ ስልኩ ይጮኻል። «ዛሬ ገባህ? ለምን አላገባህም?» የሚለው ዘመድ ብዛት አለው። ማንም «በልተሃል ወይ? እግርህ እንዴት ነው?» አይለውም። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ከእኛ ሜዳ ወጥተው ወደ ክለብ የሄዱ ልጆች ሲመለሱ የሚነግሩኝ አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን ያለበት ሁኔታ አለ። መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ይቋረጣል። ሜዳ ወጥቶ መለማመድ ራሱ የሚያሰጋበት ጊዜ ነበር። በስልጠና ማዕከል ካደገ ልጅ ጋር ሲነጻጸር የእኛ ልጅ ብዙ ወራት ጎድለውታል። እነዚያን ወራት ማን ይቁጠርለት?

ከኳሱ ዓለማችን አንድ ምሳሌ ልጨምር። አቡበከር ናስር በ2020–21 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። አገር ሙሉ ጎሉን ይጠብቅ ነበር። ጉዳት ተደራረበበት፣ እንደተጠበቀውም መጫወት አልቻለም። ተሰጥኦው ውሸት ነበር የሚል ሰው አለ? 29 ጎል በውሸት አይገባም። ጉልበት ይጎዳል፣ ቦታ ይጠባል፣ አገር ይለወጣል፤ እነዚህን ሳይመረምር «ከዳን» የሚል ደጋፊ ለተጫዋቹ የሚፈይደው ነገር የለም።

የመጨረሻው ምክር የአንድ ዓመት ገደብ ነው። ወላጆች በጣም የወደዱትም እሱን ሳይሆን አይቀርም፤ ግልጽና ቀላል ነው። ግን ዕድሜ እንዲህ በቀላሉ አይቆጠርም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ካናዳ ውስጥ የተደረገ ጥናት አንድ የሚገርም ነገር አሳይቷል። በታላላቅ የሆኪ ቡድኖች ውስጥ ከጥር እስከ መጋቢት የተወለዱ ተጫዋቾች ከሌሎቹ በጣም ይበዙ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የልጆች ምድብ የሚከፈለው በጃንዋሪ 1 ነው። በጥር የተወለደው በታኅሣሥ ከተወለደው በአንድ ዓመት ያህል ይበልጣል፤ ግን በአንድ ምድብ ይመዘናሉ። በስምንት ዓመት ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ነው። ትልቁ ልጅ «ጎበዝ» ይባላል፣ ጥሩ አሠልጣኝ ይሰጠዋል፣ ብዙ ይጫወታል፤ ከዚያ በእርግጥም ጎበዝ ይሆናል። ትንሹ ወንበር ላይ ይቀራል፣ ከዚያም ይተወዋል።

እኛ ጋ ነገሩ ይብሳል። በገጠሩ የልደት ቀን የተጻፈለት ልጅ ጥቂት ነው። የታዳጊ ምርጫ ሲደረግ ቁመት ይታያል፣ ጉልበት ይታያል። በእውነት 16 የሆነው ልጅ 19 ከሆነው ጋር «ከ17 ዓመት በታች» ተብሎ ይሰለፋል። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ በታዳጊዎች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማስመርመር የጀመረው ይህ ችግር በብዙ አገር ስላለ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ዕድሜውን በእውነት የተናገረውን ልጅ፣ ገና ጡንቻው ያልጠና ልጅ፣ በአንድ ዓመት ካልታየህ ተመለስ ማለት እውነተኛውን መቅጣት ነው።

ጸሐፊው በዚያው ጽሑፍ ስለ ትምህርት ያሉትን ግን፣ ልጁ ትምህርቱን አያቋርጥ የሚለውን፣ በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ክለብ ገባሁ ብሎ ከ10ኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ሲጎዳ የሚይዘው ነገር ያጣል። ወላጆች ገደብ ማስቀመጥ ካለባቸው እዚህ ላይ ያስቀምጡ፦ ትምህርቱን በማታም ቢሆን ይቀጥል። ክለቡም ውል ሲያስፈርም ይህንን ይፍቀድለት። ከዓመቱ ይልቅ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። ስንት ደቂቃ ተጫወተ? በየትኛው ቦታ? ዘንድሮ ካምናው ምን ጨመረ? ደቂቃ ካላገኘ በውሰት ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ወዳለው ከፍተኛ ሊግ ሄዶ ቋሚ ተሰላፊ መሆን ይችላል ወይ? እነዚህን አባት አሠልጣኙን ፊት ለፊት ሊጠይቃቸው ይገባል፤ መብቱ ነው። መልስ ካላገኘ፣ ልጁም ራሱ በቃኝ ካለ፣ ይመለስ። ያኔ መመለሱ ውርደት የለውም።

ጸሐፊው ይህንን ካነበቡ አንድ ነገር እለምናለሁ። የልጁን ፎቶ ከጽሑፉ ላይ ያንሱለት። ክርክራችን ያለ እሱ ፎቶ መቀጠል ይችላል፤ እኔም ለመቀጠል ዝግጁ ነኝ። ያጋራችሁትም እባካችሁ አጥፉት። ልጁ ስልክ አለው፣ አስተያየቶቹን ሁሉ አንብቧቸዋል፤ የክለቡ የውድድር ዝግጅትም በሚቀጥለው ወር ይጀምራል።